እንጦጦን የሚወጣ ልጅ አዋሽን ይችላል? ቤተሰብ ይዛችሁ ወደ በረሃ ፓርክ ከመውረዳችሁ በፊት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ከሽሮ ሜዳ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦን በእግራቸው ነው የሚወጡት፤ ድካም አያውቁም። አሁን ከአያታቸው ጋር አዋሽ ፓርክ ልንወስዳቸው አስበናል፤ እንስሳ እንዲያዩ፣ ትንሽም በእግራቸው እንዲንሸራሸሩ። ባለቤቴ ሙቀቱን ፈርቷል። እኔ ደግሞ እንጦጦን የቻለ ልጅ ሜዳ ላይ መራመድ ምን ይከብደዋል ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?»

መልሴ ባጭሩ፦ ሂዱ፣ ግን ባለቤትሽ የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ረዘም ያለውን መልስ ለሁላችሁም እነሆ፤ ምክንያቱም ይሄ የሽሮ ሜዳ ቤተሰብ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሽሮ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። እንጦጦ ጫፍ ስትደርሱ 3000ን ታልፋላችሁ። አዋሽ ፓርክ ግን አብዛኛው ሜዳው 1000 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታችሁ ፓርኩ በር ላይ ስትወርዱ፣ ያው አንድ ቀን ሆኖ ሰውነታችሁ ግን ሌላ አገር ገብቷል። እዚያ ቀን ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ መሆን ብርቅ አይደለም፤ በሞቃቱ ወራት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ 40 ዲግሪ ይነካል።

«ታዲያ ልጆቹ ጠንካራ ናቸው አይደል?» አዎ ናቸው። እንጦጦን መውጣት ልብንና ሳንባን ያጠነክራል። ላብን ግን አያሰለጥንም። ደጋ ላይ የኖረ ሰው ሽቅብ ሲወጣ እንኳ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ሰውነቱ ብዙ ማላብ አላስፈለገውም። ሙቀት የለመደ ሰው ግን ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ ብዙ ያልባል፣ ላቡ ውስጥ የሚወጣው ጨውም ያነሰ ነው። ይሄ ለውጥ እንዲመጣ ሙቀት ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል። የሁለት ቀን ጉዞ አይበቃውም። ለዚህ ነው የአዋሽ ልጅ ፍየል ሲጠብቅ የሚውልበት ሜዳ ላይ የሽሮ ሜዳ ልጅ በ1 ሰዓት ውስጥ የሚዝለው። ጥንካሬ ማጣት አይደለም፤ አለመልመድ ነው።

በልጆች ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የልጅ ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው፤ ስለዚህ አየሩ ከሰውነቱ ሲበልጥ ሙቀቱን በፍጥነት ይስባል። የሚያልበውም ከትልቅ ሰው ያነሰ ነው። ከሁሉም በላይ ልጅ ጨዋታ ላይ ሆኖ ጠማኝ አይልም። ሲል ደግሞ ዘግይቷል።

አሁን ወደ እንስሳቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም ከሐኪም በላይ የሚመክሩት እነሱ ናቸው። የአዋሽ ፓርክ መለያ ሳላ ነው፤ ያ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንዶች ያሉት፣ ፊቱ በጥቁርና ነጭ የተሳለ የሚመስለው። ይሄ እንስሳ ጉድ ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ዝም ብሎ ይተወዋል፤ ላብ አያባክንም፣ ማታ ሲበርድ ይለቀዋል። አንጎሉስ? ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም መጀመሪያ እንደ መረብ በተጠላለፉ ቀጫጭን ሥሮች ያልፋል፤ እዚያ ከአፍንጫው ቀዝቅዞ የሚመለሰው ደም አጠገብ ስለሚፈስ ይበርዳል። የእኛ አንጎል ይሄ መረብ የለውም። ሰውነታችን 40 ሲደርስ አንጎላችንም አብሮ ይደርሳል፤ መዘባረቅና መውደቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ይሄንን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ከማንኛውም «ኮፍያህን አድርግ» የተሻለ ይገባቸዋል።

ያን ሁሉ ጸጋ ይዞም እንኳ ሳላው እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። የሜዳ ፍየሉም፣ እንሹም፣ ከርከሮውም እንዲሁ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት የጤናም የጉብኝትም ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ አዳማ ቁርስ በልቶ፣ 6 ሰዓት ላይ ፓርክ መግባት። የቀኑ ከባድ ሙቀት ውስጥ ገብታችሁ ባዶ ሜዳ ታያላችሁ፤ ልጆቹም «እንስሳው የታለ?» እያሉ ያለቅሳሉ። ከቻላችሁ በዋዜማው ወርዳችሁ አዋሽ ወይም መተሐራ፣ ካልሆነም አዳማ እደሩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው የእንስሳው ሰዓት። ከ450 በላይ የወፍ ዝርያ ያለበት ቦታ ስለሆነ ጠዋት ላይ ወፍ ብቻ ቢያዩም ይበቃቸዋል። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ካርታ ጨዋታ። የእግር ጉዞውን በጠዋቱ አድርጉት፤ ትናንሽ ልጆች ካሉ ከ1 ሰዓት አይብለጥ፤ ያለ ፓርኩ ስካውት ደግሞ አንድ እርምጃ አትራመዱ።

ውሃን በተመለከተ፦ በሙቀት የሚራመድ ትልቅ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በላብ ያጣል። ከ9 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ በየ20 ደቂቃው ከግማሽ ብርጭቆ እስከ አንድ ብርጭቆ ይጠጣ፤ ጠማኝ እስኪል አትጠብቁ። ከዚያ ያነሱት ቶሎ ቶሎ ጎንጨት ያድርጉ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ውሃ ሳይሆን ጡት በብዛት። (እውነቱን ለመናገር 6 ወር ያልሞላውን ይዞ በረሃ መውረድ ባይኖር እመርጣለሁ።) የሽንቱን ቀለም እዩ፤ እንደ ጠጅ ከጠቆረ ውሃ አንሶታል፤ ከ6 ሰዓት በላይ ካልሸና ደግሞ በጣም አንሶታል።

ውሃ ብቻም አይበቃም፤ በላብ ጨውም ይወጣል። ኦአርኤስ፣ ብዙዎቻችሁ «ለምለም» የምትሉት፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ልጁ ጣዕሙን ጠላሁት ብሎ ግማሽ ሊትር ላይ አታወፍሩት፣ ሁለት ሊትር ላይም አታቅጥኑት። ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው በጣት ተስተካክሎ። ለመክሰስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብርቱካን፣ በሶ በጣም ጥሩ ናቸው። ዶሮ ወጥ በሳህን ሸፍኖ መኪና ኋላ ጭኖ መሄድ ይቅር፤ በ35 ዲግሪ ሁለት ሰዓት የቆየ ወጥ ለተቅማጥ ይዳርጋል፤ በረሃ ላይ ተቅማጥ ደግሞ የውሃውን ሒሳብ ሁሉ ያፈርሰዋል።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ። አንደኛ፣ ጾም። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ወይም በረመዳን ቀን እየጾሙ በረሃ ላይ መራመድ ለጤነኛ ሰውም አደገኛ ነው። ጾሙን አትተዉ፣ ጉዞውን አዛውሩት። ሁለተኛ፣ በዚያ መንገድ ላይ ጫት በየጥጉ ነው፤ ለሹፌሩ «እንቅልፍ እንዳይዘው» ተብሎ ይገዛል። ጫት የልብ ምትን ይጨምራል፣ የሰውነት ሙቀትንም ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ቢራም ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥም የሚቆርጥ ይመስላል እንጂ ሽንት አሽንቶ ነው የሚያደርቀው። ለእሱ ማታ አለላችሁ።

ልብስ ላይ ለሽሮ ሜዳ ሰው እኔ ምን ልምከር! አገር ነጠላ ሊገዛ የሚመጣው እናንተ ጋ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በእጅ የተሸመነ ስስ የጥጥ ነጠላ ለበረሃ ከተሠራ ውድ የስፖርት ሸሚዝ አያንስም። ነጭ ስለሆነ ፀሐይ ይመልሳል፣ ድሩና ማጉ ሳሳ ስለሚል አየር ያስገባል፣ ጥጥ ስለሆነ ውሃ ይይዛል። ነጠላውን በውሃ አርጥባችሁ በልጁ ራስና አንገት ላይ ጣል አድርጉት። አዋሽ ደረቅ አየር ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አዲስ አበባ በክረምት ይሄ ብዙም አይሠራም፤ እዚያ ግን እንደ ማቀዝቀዣ ነው። ጋቢውን ለሌሊት ያዙት፤ በኅዳርና ታኅሣሥ የበረሃ ሌሊት ይበርዳል። እግር ላይ ግን ሰንደል አይሆንም፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ረጅም ሱሪ፤ እሾህም እባብም አለ።

አያትስ? ጠያቂያችን እናቷ የደም ግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ ጽፋልኛለች። ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች (ላሲክስ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) ሰውነትን ያደርቃሉ። ኤናላፕሪል የሚወስድ ሰው ውሃ ካነሰው ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። አቴኖሎልና መሰሎቹ ልብ ለሙቀቱ ምላሽ እንዳትሰጥ ይይዟታል። አሚትሪፕቲሊንና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ላብን ይቀንሳሉ፤ እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋንና የአለርጂ ሽሮፖችም እንደዚሁ። ይሄን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ! ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን «በረሃ ልንሄድ ነው» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠንና ሰዓት ሊያስተካክልላቸው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ካለ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በሙቀት ይበላሻል፣ መልኩ ሳይለወጥም ኃይሉ ይጠፋል። እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ወይም በበረዶ ሳጥን (በረዶውን ሳይነካ) ያዙት። ልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከመኪና ሳይወርዱ በጠዋት ጉብኝት ቢወሰኑ ይሻላል። ሳላው ከመኪና መስኮትም ያው ሳላ ነው።

አሁን ዋናው። ሙቀት ሲጎዳ ሁለት ደረጃ አለው፤ ልዩነቱን መለየት ሕይወት ያድናል።

የመጀመሪያው የሙቀት መዛል ነው። ሰውየው በጣም ያልበዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እግሩን ይጨብጠዋል። ግን ስታናግሩት በትክክል ይመልስላችኋል። ጥላ ሥር አስተኙት፣ እግሩን ከፍ፣ ልብሱን ላላ፣ ኦአርኤስ በጥቂት በጥቂቱ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሻል አለበት። የዚያን ቀን ጉዞው ግን አበቃ፤ «ተሻለኝ» ቢልም።

ሁለተኛው ሂት ስትሮክ ነው። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ አንጎል መሳት ይጀምራል። ይዘባርቃል፣ ይንገዳገዳል፣ ያልሆነ ነገር ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ይስታል። ቆዳው ሊደርቅ ይችላል፤ ሲራመድ የነበረ ሰው ግን እያላበውም ሊሆን ይችላልና «አልቦታል፣ ሂት ስትሮክ አይደለም» አትበሉ። መለያው የአእምሮው ሁኔታ ነው። ሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ግራ ከተጋባ ሌላ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ሂት ስትሮክ ነው ብላችሁ ያዙት።

እዚህ ላይ ልማዳችን ይጎዳናል። ሰው ሲወድቅ በጋቢ እንሸፍናለን፣ ዙሪያውን እንከባለን፣ ክብሪት ለኩሰን እናሸታለን፣ አፉ ውስጥ ውሃ እንጨምራለን። ሁሉም ይቅር። ልብሱን አውልቁ። ያላችሁን ውሃ ሁሉ፣ የመጠጥ ውሃውንም ጭምር፣ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፤ በካርቶንም በነጠላም አራግቡ። በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ጭኑ መካከል አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ፤ በጎኑ አስተኙት። ፓራሲታሞል አይሠራም፤ ይሄ የኢንፌክሽን ትኩሳት አይደለም። ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ውሰዱት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ ግን ማቀዝቀዙን ጀምራችሁ፣ መንገድ ላይም ሳታቋርጡ፣ መስኮት ከፍታችሁ። በሂት ስትሮክ ላይ ደቂቃ የሚቆጠረው ሰውነቱ ሞቆ በቆየበት ልክ ነው፤ ሆስፒታል እስክንደርስ ብሎ ማቀዝቀዝን ማዘግየት ነው የሚገድለው።

ልጅ ተኝቷል ብሎ መኪና ውስጥ ትቶ መውረድም እንዲሁ ነው። ለ10 ደቂቃም፣ መስኮት ገርበብ ተደርጎም፣ አይሆንም።

ስለ እንስሳቱ አደጋ ብዙ አልሄድም። ዝንጀሮዎቹ ሰው ለምደዋል፤ ሙዝ የያዘ ልጅ ያባርራሉ። አትመግቧቸው፣ ምግብ በልጅ እጅ አታስይዙ። ዝንጀሮ ወይም ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ የዚያኑ ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለማግኘት ሂዱ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው አትበሉ። የአዋሽ ወንዝ አዞ አለው፤ ውሃ ዳር ፎቶ ለመነሳት አትጠጉ፤ ፏፏቴው ጫፍ ላይም ልጅ እጁን ይዛችሁ ቁሙ። በስተሰሜን ያለው ፍል ውሃ፣ ዘንባባዎቹ መካከል ያለው፣ ያምራል፤ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ በሞቃት ቀን መዘፍዘፍ ግፊት ይጥላል፤ ለአያትና ለነፍሰ ጡር አይመከርም። እባብ ከነደፈ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር የለም፤ እጁን ወይም እግሩን ሳያንቀሳቅስ ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል። አንድ ሌላ ነገር፦ ከ2017 ዓ.ም መጀመሪያ አንስቶ በፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሰዎችን ከቀያቸው እስከማስነሳት መድረሱን ታስታውሳላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ፓርኩ ጋ ደውላችሁ ሁኔታውን ጠይቁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከተመለሳችሁ በኋላ ያለው ነው።

አዲስ አበባ ወባ የለም። ሽሮ ሜዳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ደግሞ ለወባ ምንም የመከላከል አቅም የለውም። አዋሽ ሸለቆ ግን መስኖ ያለበት፣ ሞቃት፣ የወባ አገር ነው። ዋናው የወባ ወቅት ክረምት ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ማለትም አየሩ ለጉብኝት በሚመችበት ጊዜ ላይ። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ አለች፤ ይቺ በከተማ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የድሬዳዋ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ «ሆቴል ነው ያደርነው» ዋስትና አይደለም። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ከሌለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመሸ እጅና እግር ሸፍኑ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ (ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሆንም)። ነፍሰ ጡር ካለች ወይም ብዙ ቀን የምትቆዩ ከሆነ አስቀድሞ ስለሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ።

ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ቤተሰቡ እሁድ ማታ ይመለሳል። 10 ወይም 12 ቀን ያልፋል፣ አዋሽ ይረሳል። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። አያት «ፀሐይ ላይ ውሎ ምች መታው» ይላሉ፤ ዳማከሴ ይታሻል። ዳማከሴን አልቃወምም፣ ጠረኑንም እወደዋለሁ። ግን ምች የምንለው ስም ብዙ በሽታ ተሸፍኖበታል፦ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል አለ፣ ተራ ጉንፋን አለ፣ ወባም አለ። በአንድ ቀን ይለይለታል ተብሎ ሦስት ቀን ይጠበቃል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ በልጅ ላይ ከትኩሳት ወደ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት በ24 ሰዓት ውስጥ ሊያደርስ ይችላል።

ክሊኒክ ቢወሰድም ሌላ ክፍተት አለ። አዲስ አበባ ላይ ትኩሳት ይዞት ለመጣ ልጅ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስበው ቶንሲል፣ የሳንባ ምች፣ ታይፎይድ ነው። ካልነገራችሁት ወባ ላይታሰበው ይችላል። እናንተ ጀምሩ፦ «ከሁለት ሳምንት በፊት አዋሽ ሄደን ነበር፤ የወባ ምርመራ ይደረግለት።» ምርመራው ከጣት ላይ ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱም ብዙ አያስጠብቅም። ከጉዞው አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ እስከ 3 ወር ድረስ ለሚመጣ ማንኛውም ትኩሳት ይሄንኑ ተናገሩ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ስለሚችል፣ «ኧረ ድሮ ነው የሄድነው» ብላችሁ አትተዉት።

«ጎረቤት የተረፈ ኮአርተም አለ፣ ለጥንቃቄ ልስጠው?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ታበዛላችሁ። አይሆንም። የልጅ መጠን በክብደት ነው፤ ለቫይቫክስ የሚሰጠው ሕክምና ከዚህ የተለየ ነው፤ ግማሽ ኮርስ ወስዶ የመጣ ልጅ ደግሞ ምርመራው ላይ ያሳስታል። መጀመሪያ ደሙ ይታይ። ማስመለስ ካላቆመ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከደነዘዘ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ግን ክሊኒክ አታማርጡ፤ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል።